ስንት ችግኝ ይፈላል ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ

ውድ ልጆቼ፣

«አንድ ችግኝ ጣቢያ በዓመት ስንት ችግኝ ያፈላል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው የሙያችንን አንድ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ መልሱ ጥቂት ይረዝማል። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የማላባር አስተዳዳሪ የነበረው ኮኖሊ፣ ዛሬ ኬረላ በምትባለው ግዛት፣ ኒላምቡር ላይ ቲክ የተባለውን ጠንካራ እንጨት የሚሰጥ ዛፍ ማስተከል ጀመረ። ለመርከብ የሚሆነው እንጨት እየተመናመነ ነበር። መሬት በኪራይ ተያዘ፤ ዘሩም ተዘራ። አልበቀለም። ሽፋኑን ልጠው ሞከሩ፤ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ሞከሩ፤ ደረቅ ሣር አልብሰው እሳት ለቀቁበት። ነገሩ መልክ የያዘው ሥራው ቻቱ ሜኖን ለተባለ የአገሩ ሰው ከተሰጠ በኋላ ነው። ሰውየው እስከ 1862 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቲክ አስተክሏል። ከዚያ ዘመን የተረፈው ጥንታዊ የቲክ ደን ግን የሚጠራው በኮኖሊ ስም ነው። ቁጭቱ ይህ ነው። ችግኝ ጣቢያ የሚቆመው በየቀኑ መደቡ አጠገብ በሚውል ሰው ሆኖ ሳለ መዝገቡ ላይ የሚቀረው የፈራሚው ስም ነው።

ዘሩ እምቢ ያለው ለምንድን ነው? የቲክ ፍሬ በላዩ እንደ ባና የሸፈነው ለስላሳ ልባስ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ አጥንት የጠነከረ ቅርፊት። ውስጡ አራት ክፍል ነው፤ አንዳንዱ ክፍል ባዶ ይሆናል። ትኩስ ፍሬ ሰነፍ ነው፤ አንድ ዓመት በደረቅ ቦታ የቆየው የተሻለ ይበቅላል። ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ይህን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ደጋግሙ። መደቡ 1 ሜትር ከ20 ይስፋ፤ ከዚያ ከበለጠ መሃሉን ለማረም ስትሉ ትረግጡታላችሁ። ከፍታው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ቲክ ውሃ ሲተኛበት ይሞታል። ዳስ አታብዙበት፤ ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል። አበቃቀሉ ወጥ አይደለም፤ አንዱ በሁለት ሳምንት ብቅ ሲል ሌላው ወራት ያስጠብቃል፤ ቸኩሎ መደቡን የሚገለብጥ ሰው ገና ያልነቃውን ዘር ይጥላል።

የዓመት ዕድሜ ያለውን ቲክ ከነቅጠሉ ማጓጓዝ አያስፈልግም። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ሲወፍር ይነቀላል፤ ከላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር፣ ከታች 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ በስለታም ቢላ ይቆረጣል፤ የጎን ሥሮቹም ይላጫሉ። እርጥብ ጆንያ ውስጥ ተጠቅልሎ ይሄድና በዝናቡ መግቢያ ይተከላል። ብዙው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በድጅኖ የተበሳው ጉድጓድ በደንብ ካልተረገጠ ሥሩ ዙሪያ ክፍተት ይቀራል፣ ውሃ ይሞላል፣ ይበሰብሳል። ሁለት ሦስት ቀንበጥ ሲያወጣ አንዱን ትታችሁ ሌላውን ቁረጡ።

ኒላምቡር ላይ ወንዙ ደለል ባፈሰሰበት ሜዳ ቲኩ ገነነ፤ በኋላ ጭንጫ ቀይ አፈር ላይ የተተከለው ግን ቀጨጨ። የሚያስቀው ደግሞ ዛፎቹ ለመርከብ ሳይደርሱ መርከብ ከብረት መሠራት ጀመረ። ስለዚህ «ለዚህ ፋብሪካ ነው የምንተክለው» ሲባል ብዙ አትመኑ።

የዛሬ ወጣት ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሳት ይወዳል፣ ጣቱን አፈር ውስጥ መክተት ይጠላል። ይህን ስል ራሴን እቃረናለሁ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሪፖርት የሚጠይቀው ወጣቱ ሳይሆን የእኔ እኩያ ነው።

ዛሬ ምያንማር በምትባለው በርማ ውስጥ ጀርመናዊው የደን ባለሙያ ብራንዲስ ከ1856 ጀምሮ የፔጉ የተባለውን ግዛት ደኖች ሲያስተዳድር፣ በኋላ በሰፊው የተለመደው አሠራር ካሬን የተባለው ሕዝብ ገበሬዎች ከሩዛቸው መሃል ቲክ እንዲተክሉ ማድረግ ነበር። የሚከፈላቸው በሕይወት ባለው ቲክ ቁጥር ነበር። ይህን ዘዴ አደንቃለሁ፤ ግን ገበሬው ሁለት ሦስት ዓመት አርሶ መሬቱን ለመንግሥት ደን ትቶ ይሄዳል። ያለማው ደን የእሱ አይሆንም።

በ1878 የወጣው የህንድ የደን ሕግ ደንን በሦስት ከፈለ፤ የተከለለ፣ ጥበቃ የሚደረግለት፣ የመንደር። ሦስተኛው ከወረቀት ብዙም አልወረደም። በሰሜን ህንድ ተራሮች፣ ኩማኦን ላይ፣ ግጦሽና ማገዶ የተከለከለው ሕዝብ በ1921 የመንግሥቱን የጥድ ደን አቃጠለ። አስተዳደሩ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ በ1931 መንደሮች በመረጡት ጉባኤ ደናቸውን እንዲያስተዳድሩ ደንብ አወጣ። እኛ ቅኝ ባንገዛም ደን ከልሎ ነዋሪውን ማባረሩን አላጣነውም፤ ጭሊሞና አዳባ ዶዶላ በተባሉት ደኖቻችን ላይ ከማኅበረሰቡ ጋር መፈራረም የተጀመረው በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ቁጥራችሁ ልመለስ። ጣቢያው የሚያፈላው በውሃው ልክ ነው፤ በበጋ ጫፍ ምንጩን ለኩና ከዚያ ተነሱ። ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ፣ መቼ እንደተዘራ፣ ስንቱ እንደበቀለ በየመደቡ መዝግቡ። ችግኙን ከሚተክለው ማኅበር ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ የክፍያውን ግማሽ ለሁለተኛው በጋ አቆዩት፤ በሕይወት የተረፈው ችግኝ ቆጠራ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ሣሩ ደርቆ ችግኙ ለብቻው በሚታይበት ጊዜ ይሁን።