ዋልካ ላይ ለሚቆም የቆርቆሮ ዕቃ ቤት መሠረት

ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ጓሮህ ውስጥ 3 በ4 ሜትር የሆነች የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ልትሠራ ነው፤ መሬቱ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው፤ ሊሾ ብቻ ባደርግበት ይበቃል ወይ ነው ያልከው። አይበቃም። ሲሚንቶህ ሜዳ ላይ ይቀራል።

እኔም ያለሁት ዋልካ ላይ ነው። ይኼ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሊሾውም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። የጎረቤቴ ዕቃ ቤት በር ነሐሴ ላይ መቃኑን ነክሶ አልከፈት ይላል፤ ጥር ላይ ያለ ምንም ችግር ይዘጋል። በሩን ስንቴ አስላገው መሰለህ፤ ጥፋቱ ግን ከሥር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን አውጣ። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ አትጨርሰውም፤ ለቀላል ቤት ግን ከ40 እስከ 50 ሳንቲም መቆፈር ትልቅ ለውጥ አለው። ከግድግዳው መስመር ውጪም በየጎኑ ግማሽ ሜትር አስፋው። የወጣውን ጥቁር አፈር መልሰህ እንዳትሞላበት፣ ለጎመን መደብ ይሁንህ። በምትኩ ገረጋንቲ፣ ማለትም ለመሙያ የሚሆን ጠጠርማ አፈር አስመጣ። 15 ሳንቲም ሙላ፣ ውሃ እርጭበት፣ ጠቅጥቅ፣ ከዚያ ሌላ 15። በአንዴ ገልብጠው ላዩን ብቻ የሚደበድቡ አሉ፤ ውስጡ ልል ሆኖ ይቀርና ኋላ ይሰጥማል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን ልንገርህ። ዋልካ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ቆፍረህ ገረጋንቲ ስትሞላበት ገንዳ ሠራህ ማለት ነው፤ የክረምቱ ውሃ እዚያው ይተኛና ከታች ያለውን አፈር ያሳብጠዋል። ከጉድጓዱ ወለል ጀምሮ ወደ ቁልቁለቱ የሚወጣ ቦይ ቆፍርና ድንጋይ ሙላበት። ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍም የሚያስቀይስ ቦይ አውጣ፤ ጣሪያው አሸንዳ ይኑረው። ገንዘብ ካጠረህ ሲሚንቶውን አቆየው እንጂ ቦዩን አትተው።

ወለሉ ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲም ከፍ ይበል። ጎተራ በድንጋይ ላይ የሚቆመው እኮ እርጥበቱንና ምስጡን ፈርተን ነው። ለአካፋና ለዶማ ብቻ ከሆነ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲና በደንብ የተደረደረ ድንጋይ ይበቃሃል። ማዳበሪያ የምታስገባ ከሆነ ግን ዩሪያ እርጥበት ስቦ ይደድራል፤ ስለዚህ በድንጋዩ ላይ አሸዋ አልብሰህ ላስቲክ ዘርጋ፣ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በየ20 ሳንቲሙ እሰር፣ 10 ሳንቲም ኮንክሪት አፍስስ። ድብልቁ በመስፈሪያ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ይሁን። ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ወደ 9 ከረጢት ይወስዳል። ከዚያ በጆንያ ሸፍነህ 7 ቀን ውሃ አጠጣው።

ከማፍሰስህ በፊት ማዕዘኑን ለካ። 3 በ4 ስለሆነ ከጥግ ጥግ ልክ 5 ሜትር መምጣት አለበት፤ በሁለቱም በኩል። የባሕር ዛፍ ቋሚውን መሬት ውስጥ አትቅበረው፣ ይበሰብሳል። ኮንክሪቱ ውስጥ ፌሮ አስቀርተህ እሱ ላይ እሰረው፤ ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ነፋስ ያነሣዋል።

ሥራውን ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ መሬቱ ሳይሰነጠቅ ጀምር፤ ኅዳር ጥሩ ነው። ቆሞ ያለ ባሕር ዛፍ አጠገብ ካለም ራቅ በልለት፣ ሥሩ ውሃውን እየመጠጠ መሬቱን ይባስ ያሰነጥቀዋል። ጓሮህ ወደ የት እንደሚያዘቀዝቅ ጻፍልኝና ቦዩ በየት ቢወጣ እንደሚሻል እነግርሃለሁ።