የሚበረክት የቢምቢ ራኬት

ጥያቄ፦ ሸዋሮቢት ነው የምኖረው። የገዛሁት ቻርጅ የሚደረግ የቢምቢ መግደያ ክረምቱን እንኳ ሳይሻገር ሞተ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኛን ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ይጠብቀናል፤ የእናንተ ግን ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ስለ ባትሪው ጠይቅ። ርካሾቹ ውስጥ ያለው ባለ 4 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከከረመ አለቀለት፤ ሶኬት ላይ ተረስቶ ሲከርምም ይጎዳል። በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ባለ 3.7 ቮልት ሊትየም ይሻልሃል። ገመዱ ቢበጠስ የትም ሱቅ አለ።

መረቡ ሦስት ድርብ ይሁን፤ የውጪዎቹ ለልጆች ጣት መከለያ ናቸው። እዚያው ሱቅ ውስጥ እጀታውን ጨበጥ አድርገህ ነቅነቅ አድርገው። ውስጡ ከተንኳኳ ተወው፣ ባለሱቁ የፈለገውን ይበል። አጎበሩን ደግሞ እንዳታወርድ፤ ተኝተህ ራኬት አትወዘውዝም! ፍሊት በነፋህበት ክፍል ግን እንዳትጠቀምበት፣ ብልጭታው እሳት ሊያስነሳ ይችላል።