መልስ፦ ምሳሌውን ከታች አድርገው

ወንድሜ፣ የኮምፓይለራችሁ (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያችሁ) የእገዛ ጽሑፍ 90 መስመር በመሆኑ ጀማሪዎች እንደማያነቡት ገልጸህ ምን ላድርግ ብለሃል። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእጃችን የሚቀረው መጽሐፍ ይኸው ጽሑፍ ስለሆነ ጥያቄህ የእኔም ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ሄልፕ ብላ ጻፈች። የትዕዛዝ መስኮቷ የሚያሳየው 24 መስመር ብቻ ነው። አጠቃቀሙን የሚናገረው የመጀመሪያው መስመር ሽቅብ ሸሽቶ ጠፍቷል፤ ዓይኗ ያረፈው ከታች በቀረው፣ ማንም በማይነካው አማራጭ ላይ ነበር። ገጹን ወደ ላይ መመለስ እንደሚቻልም አላወቀችም። ስለዚህ ምሳሌዎቹን መጨረሻ ላይ አድርጋቸው። ሁለት ይበቃሉ፤ ግን እንዳሉ ተገልብጠው የሚሠሩ ይሁኑ።

ርዝመቱን በተመለከተ ካርጎን ተመልከት፤ በረስት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም የሚገነባ መሣሪያ ነው። ቢልድ (ገንባ) እንደሚለው ካለ ንዑስ ትዕዛዝ ቀጥሎ አንድ ሰረዝና ኤች ስትጽፍ አጭር ማጠቃለያ ይሰጥሃል፤ ሁለት ሰረዝና ሄልፕ ስትጽፍ ሙሉውን መመሪያ ይከፍትልሃል። ቢልድ የሚለውን ፊደል አዛብተህ ብትጽፍ እንኳ ተቀራራቢውን ትዕዛዝ ይጠቁምሃል።

አንድ አደራ አለኝ፦ ተጠቃሚው ጠይቆ ያገኘው እገዛ በመደበኛው የውጤት መንገድ ይውጣ። በስሕተት መልእክቶች መንገድ ከወጣ ሌስ ወደሚባለው የማንበቢያ ፕሮግራም አስተላልፎ ገጽ በገጽ ለማንበብ ያስቸግራል። ሰው ሲሳሳት ደግሞ 90ውን መስመር አታውርድበት፤ የተሳሳተውን ቃል ጠቅሰህ እገዛው የት እንደሚገኝ በአንድ መስመር ንገረው።