ጀርባው ጎብጦ ልቡን ለምን ያዩታል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ቁመቱ እንደ አባቱ መለሎ፣ ጣቶቹም ረጃጅም ናቸው። ዓምና ሸሚዙን ልተኩስለት ሲያወልቅ ቀኝ ጀርባው ወጣ ብሎ አየሁ። ራጅ ሲነሣ ጉብጠቱ 62 ዲግሪ ነው ተባለ። «ማርፋን ሲንድረም ሊሆን ስለሚችል ከቀዶ ጥገናው በፊት የልብ ኢኮና ኤምአርአይ አምጡ» አሉን። ልጁ እኮ ልቡን አሞት አያውቅም፤ ኳስ ሲጫወት ነው የሚውለው። አማቴ ደግሞ ወጌሻ ይየው ትላለች። ለምንድን ነው የሚያመላልሱን?

መልስ፦ እህቴ፣ ምልልሱ እንደሚያደክም አውቃለሁ። ቢሆንም ሐኪሞቹ ልክ ናቸው። እኔም ብሆን ያለ ኢኮ፣ ማለትም ያለ ልብ አልትራሳውንድ፣ ልጁን አልነካውም።

ማርፋን የጀርባ ብቻ በሽታ አይደለም። ፋይብሪሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ሲበላሽ፣ አካላችንን አያይዞ የያዘው ነገር ሁሉ ይላላል። ጀርባውን ያጎበጠው መላላት ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ፣ አኦርታን፣ ቀስ በቀስ ሊያሰፋው ይችላል። ሲሰፋ ብዙ ጊዜ አያምም። ኳስም ያስጫውታል። አደጋው ግድግዳው የተሰነጠቀ ዕለት ነው። የጀርባ ቀዶ ጥገና ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል፤ ልጁ በሆዱ ተኝቶ የደም ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አኦርታው ሰፍቶ ከተገኘ የልብ ሐኪሞቹ ይቀድማሉ።

ኤምአርአዩም ምክንያት አለው። በማርፋን ሕመም ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነው ከረጢት ይለጠጥና በዙሪያው ያለውን አጥንት ያሳሳዋል። በቀዶ ጥገናው ጀርባውን ለማቅናት የሚገባው ብሎን የሚታሰረው እዚያው አጥንት ላይ ነው። አንዳንዴ ብሎን የሚይዝ አጥንት አይተርፍም፤ ይህ መታወቅ ያለበት ጀርባው ሳይከፈት ነው። የሚፈሰው ደምም ሊበዛ ስለሚችል የሚለግሱ ዘመዶችን ከወዲሁ ያነጋግሩ።

ወጌሻውን ግን እባክዎ ይተዉት። እንዲህ ያለ አከርካሪ አይታሽም። ኳሱንም ኢኮው እስኪታይ ያቁም። የዓይን ሐኪምም ይየው፤ የዓይኑ ሌንስ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ግን አይዘግዩ፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ጉብጠቱም ይብሳል።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩ። አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ አጥፎ ይጨብጥ። የአውራ ጣቱ ጫፍ በትንሿ ጣት በኩል አልፎ ከወጣ ለሐኪሙ ይንገሩት። ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ግን ይጠቅማል።

ከዚያ አባቱንም ያስጨብጡት። «እንደ አባቱ መለሎ» ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ማርፋን ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የኢኮ ቀጠሮ ሲይዙ ለሁለት ሰው ይያዙ።