እግር ሲዘገይ፣ ሐሳብ ሲጠፋ፦ ስለ አረጋውያን ጥያቄና መልስ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ አብዛኞቹ ታካሚዎቼ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። ስለ ሰውነት መዛልና ስለ መርሳት የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። መድኃኒት ግን አላዝም።

ጥያቄ፦ አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እርምጃቸው ዘግይቷል፣ አሁን ደግሞ ይረሳሉ። ይገናኛል ወይስ እርጅና ነው?

መልስ፦ «እርጅና ነው» የምትለዋ ቃል ስንቱን ሕክምና አስቀርታለች! አዎ፣ ይገናኛል። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሰውነት መዛል መለኪያ አምስት ምልክቶችን ይቆጥራል፦ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ቶሎ መድከም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስቱ ከተገኙ ሰውየው ዝሏል ይባላል። የአባትዎን ቀበቶ ይመልከቱ፤ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ካለ አንዱን አገኙ ማለት ነው።

ስኳርና ደም ግፊት የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዱ እርምጃም ሐሳብም ይዘገያል። መራመድ ራሱ የአንጎል ሥራ ነው። በስዊድን 58 አረጋውያንን እያራመዱ ሲያነጋግሯቸው 12ቱ መልስ ለመስጠት ቆሙ፤ ከእነዚህ 10ሩ በስድስት ወር ውስጥ ወደቁ። ጥናቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እኔም እስከ ዛሬ ታካሚዬን እያራመድሁ ስለ ልጅ ልጆቻቸው የምጠይቀው ለጨዋታ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ የዛለ ሰው ሁሉ የመርሳት በሽታ ይይዘዋል?

መልስ፦ አይደለም። ዕድሉ ግን ይጨምራል። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የ456 ሰዎች አንጎል ከሞቱ በኋላ ተመርምሮ ነበር። አንጎላቸው ላይ የታየው የአልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት) ጉዳት ትንሽ ሆኖ ሳለ በሕይወታቸው የመርሳት በሽታ የታየባቸው ሰዎች ይበልጥ የዛሉት ሆነው ተገኙ። እኔ እንደምረዳው የደከመ ሰውነት ጥቂቱን ጉዳት እንኳ መሸከም ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በምን ልለካ?

መልስ፦ አራት ሜትር ለክተው በተለመደው እርምጃቸው ያስኬዷቸው። ከአምስት ሰከንድ በላይ ከወሰደ ለሐኪም ይንገሩ። ከወንበር በእጃቸው ሳይደገፉ አምስት ጊዜ ይነሡ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከሆነ ጡንቻቸው ደክሟል። አጠገባቸው ይቁሙ፣ እንዳይወድቁ!

ጥያቄ፦ እናቴ አጽዋማቱን ሁሉ ይጾማሉ፤ በጣም ከስተዋል። ላስፈታቸው?

መልስ፦ እኔ ጾም አላስፈታም። የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለደከመና ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ከእርሳቸው ቢሰሙ ይቀላቸዋል። ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ግን የማፍጠሪያው ማዕድ ነው፦ ሩብ እንጀራና ሻይ። ምስር፣ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ ይቅረብላቸው። ማኘክ አቅቷቸው እንደሆነም ጥርሳቸውን ይዩ። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሲጎድል እግር ይደነዝዛል፣ ማስታወስም ይዳከማል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴን አምጥቼ ምንም ሥራ አላስነካቸውም፤ ሆኖም እየደከሙ ነው።

መልስ፦ ምናልባት ስለማያስነኳቸው ይሆናል። ቡናውን እሳቸው ይቁሉ፣ ሽንኩርቱን ይክተፉ፣ ደረጃውን ከእርስዎ ጋር ይውጡ። በፊንላንድ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ 1260 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት አመጋገብን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ልምምድንና የደም ግፊት ክትትልን አንድ ላይ ያገኙት ከሁለት ዓመት በኋላ በአእምሮ ፈተና፣ የተለመደ የጤና ምክር ብቻ ካገኙት በልጠው ተገኝተዋል።

ጥያቄ፦ አያቴ ትናንት ደህና ነበሩ፣ ዛሬ እኔንም አላወቁኝም።

መልስ፦ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ድንገተኛ መደናገር ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የአንጎል ደም ዝውውር ችግር ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለቀጠሮ ምን ይዘን እንሂድ?

መልስ፦ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ በፌስታልም ቢሆን። የእንቅልፉን፣ የጉንፋኑን፣ ጎረቤት ያካፈለውንም ጭምር። ለድብርትና ለነርቭ ሕመም እንደሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ያሉት አረጋዊን ሊያደናግሩና ሊያንገዳግዱ ይችላሉ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ። አንዲት እናት ካመጡት ፌስታል ውስጥ ሁለት የተለያየ ስም የተጻፈበት አንድ ዓይነት የእንቅልፍ መድኃኒት ወጥቶ ያውቃል፤ ሁለቱንም ይውጡ ነበር።