ዩኒቨርሲቲ ለምትመርጡ ልጆቻችን

ልጆቼ፣ ምርጫ የምትሞሉበት ሰሞን ሲደርስ ስልካችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ከአገር ስንተኛ ነው? ያኛውስ?» ትሉኛላችሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲን ደሴ ደጃችን ስላለ ብቻ ዘልላችሁ የምታልፉትም አላችሁ።

እኔ መካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ አዲስ ምሩቅ ሲቀጠርም ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ የደረጃው ነገር ያሳስበኛል።

የዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ዝርዝር ውሸት ነው አልልም። ግን ምን እንደሚለካ እወቁ። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያወዳድረው የቻይናው የሻንጋይ ዝርዝር በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ከነጥቡ 30 በመቶ የሚሄደው የኖቤልና የፊልድስ (የሒሳብ) ሽልማት ላገኙ ምሩቃንና መምህራን ነው። 20 በመቶው ደግሞ ኔቸርና ሳይንስ በሚባሉ ሁለት መጽሔቶች ላይ ለሚወጣ ጥናት። ዌቦሜትሪክስ የሚባለው ሌላ የደረጃ ዝርዝር ግማሹን ነጥብ የሚሰጠው ከሌላ ቦታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ለሚያመሩ ሊንኮች ነው። ታዲያ ከሐይቅ ወይ ከመርሳ ለምትመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሄ ምኗ ነው?

ቁጥሩም ቢሆን ሁሌ አይታመንም። አሜሪካ ውስጥ ዩ.ኤስ. ኒውስ በሚያወጣው የአገሪቱ ዝርዝር ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ተብሎ ነበር። የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ዩኒቨርሲቲው ለዝርዝሩ አዘጋጆች የላካቸውን አኃዞች መርምሮ ስህተት እንዳለባቸው በ2022 እ.ኤ.አ. አሳየ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው 18ኛ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ትምህርቱ ያን ያህል ተበላሽቶ አይደለም።

በቅጥር ፈተና ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅባት የነካው ዘንግ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥና ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ እንሰጣለን። «ዲያሜትሩን ለክተህ ንገረን» እንላለን። አንዱ ስሙ ከገነነ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነበር፤ ካሊፐሩን እያገላበጠ ቆየ። «ላብ (ቤተ ሙከራ) ስንገባ ብዙ ስለነበርን ከኋላ ሆኜ ነው ያየሁት» አለን። ከእሱ ቀጥላ የገባችው ብዙ ሰው ከማያውቀው ግቢ ነው የተመረቀችው። መጀመሪያ ዘንጉን በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ካሊፐሩን ገጥማ ዜሮው ላይ ማረፉን አየች። ገና ሳትለካ ነው ልቤ የወደዳት።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን ትታችሁ ትምህርት ክፍሉን አጥኑ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። «ከዚህ ትምህርት ክፍል ከተፈተኑት ስንቱ አለፉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጠቅላላ ዩኒቨርሲቲው ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ግቢ ውስጥ ጎበዝም ደካማም ክፍል አለ። የኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። በ2014ቱ ጦርነት የወሎም የወልድያም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል። ምን ተተካ፣ ምን ጎደለ? ይሄን የትኛውም ደረጃ አይነግራችሁም። ሄዳችሁ እዩ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ካምፓስ ሩቅ አይደለም።

የግል ኮሌጅ ለምታስቡ፦ ዕውቅና የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ለየብቻ ነው። «ኮሌጁ ዕውቅና አለው» ሲሏችሁ የእናንተው ትምህርት፣ እናንተ በምትማሩበት ካምፓስ መፈቀዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ የከፈለበት ወረቀት ዋጋ ሲያጣ ያማል።

ደረጃው የሚጠቅማችሁ ኋላ ነው። ውጭ ለማስተርስ ስታመለክቱ የማታውቁትን አገር ትምህርት ቤቶች ለማነጻጸር ይረዳል። ያኔም ቢሆን የትምህርት ዘርፉን ደረጃ እዩ።

ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ የመጀመሪያ ምርጫችሁ ላይደርሳችሁ ይችላል። አብሽሩ። እስከዚያው ግን የሰፈራችሁ ልጆች ለአረፋ ወይ ለፋሲካ ቤተሰብ ጥየቃ ሲመጡ ቡና ላይ ያዟቸው። «ላብ ውስጥ ዕቃውን በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ?» በሏቸው። መምህሩ ሴሚስተሩን ሙሉ ይገባል? ለኢንተርንሺፕ የት ላኳችሁ? ከናንተ በፊት የተመረቁት አሁን ምን እየሠሩ ነው?