ከአባት የተረፈ ጠመንጃ፦ ከየት ይጀመራል?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጽናህ። የአባትህን ነፍስ በገነት ያኑርልን።

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትህ ካረፉ 4 ወር ሆኗቸዋል። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ትተውልሃል። የምትኖረው አዳማ ነው፤ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉህ። ኢተያ በኩል የቤተሰብ መሬት ስላላችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድክ ኢላማ መተኮስ ልትለምድ አስበሃል። ባለቤትህ ደግሞ «ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም» ብላለች። ከየት ልጀምር ነው ያልከው።

እኔ ሴት ነኝ፤ 50ን ተሻግሬያለሁ። ያደግሁት ወንጂ አካባቢ ነው። የአባቴም ጠመንጃ እንዳንተው ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ እሳቸው ካለፉ ጀምሮ በእኔ ስም ነው ያለው። የምነግርህ የኖርኩበትን ነው።

ከባለቤትህ ልጀምር። ትክክል ናት። አሁን ባለው ሁኔታ ያ ጠመንጃ ቤታችሁ መግባት የለበትም። ለምን እንደምል ልንገርህ።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ጣራ ላይ ቀዳዳ ነበር። አባቴ እንደ ዘመኑ ሰው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቅሉት። የፋሲካ ዋዜማ ታላቅ ወንድሜ ሊወለውለው አወረደው። «ባዶ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ አንደኛው አፈሙዝ ባዶ ነበር። ሁለተኛው ግን ጎርሷል። እናቴ ቡና ትቆላለች፣ እኔ ከጎኗ ፍሙን አራግባለሁ። ከዚያ ያ ድምፅ። ቀና ስል ከቆርቆሮው የወረደ ብርሃን አየሁ፤ ጢሱና አቧራው መሃል እንደ ዘንግ ቆሞ እናቴ እግር ሥር አርፏል። ማንም አልተጎዳም። ያተረፈን ወንድሜ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ መያዙ ብቻ ነው።

አባቴ ያንን ቀዳዳ አልደፈኑትም። ክረምት ሲገባ ከሥሩ ሳህን ያስቀምጣሉ። እንግዳ መጥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ወንድሜ ራሱ እንዲናገር ያደርጉት ነበር። ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል ይባላል። እኛ ቤት ተረቱ ሕግ ሆነ። ማንም ሰው «ባዶ ነው» ብሎ ቢሰጥህ፣ አባትህም ቢሆኑ፣ የጠመንጃውን ወገብ አጥፈህ ሁለቱንም አፈሙዝ በዓይንህ እስክታይ ድረስ የጎረሰ ነው። ባየህም ማግስት እንደገና የጎረሰ ነው። አፈሙዙ ሊሞት ወደማይገባው ነገር አይዞርም። ጣትህም ለመተኮስ እስክትወስን ድረስ ምላጩን አይነካም።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራህ ፖሊስ ጋ መሄድ ነው። ጠመንጃውን ይዘህ እንዳትሄድ፤ ወረቀቱን ብቻ ያዝ። የአባትህ ፈቃድ የአባትህ ነበር። «ውርስ ነው» ማለት ብቻውን ባለፈቃድ አያደርግህም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ከባድ ነገር ነው። እኔ ይዤ የሄድኩት የአባቴን የመሣሪያ ፈቃድ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የወራሽነት ማስረጃና መታወቂያዬን ነበር። ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥርም ከፈቃዱ ጋር አመሳክረዋል። እህት ወንድሞች ካሉህ ቀድመህ ተስማማ፤ በአንድ ጠመንጃ የተቀያየመ ቤተሰብ አይቻለሁ። እስኪፈቀድልህ ድረስ ካለበት አታንቀሳቅሰው። በተለይ በሚኒባስ ጭነህ በኬላ ለማለፍ እንዳታስብ። ልብህ ካልፈቀደው ደግሞ ማስረከብም አለ። አባትህን መክዳት አይደለም።

ጠመንጃውን ልትይዘው ከወሰንክ የብረት ሳጥን አሠራ። አዳማ ብየዳ ቤት ሞልቷል። ወፍራም ላሜራ ይሁን፣ ማጠፊያው ወደ ውስጥ ይሁን፣ ከብሎኬት ግድግዳ ጋር በ4 ቦሎን ይታሰር። ጥይቱ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ቁልፍ። ቁልፍን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ። የእኔን ከሽሮ ጣሳ ሥር ነበር የምደብቀው። ልጄ 6 ዓመቱ እያለ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ «እማዬ፣ ይሄ የምንድን ነው?» ብሎ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። እጄ ቀዘቀዘ። ልጆች የማያገኙት መደበቂያ የለም። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ከማተቤ ጋር። አንተ ግን ቁልፉን ለባለቤትህ ስጣት። ከልቤ ነው የምልህ። «ቤቴ አይገባም» ያለችው ሴት ቁልፉን ይዛ፣ ጠመንጃው በእሷ ፈቃድ ሲወጣና ሲገባ፣ ያኔ ነገሩ የሁለታችሁ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያነሳውንም ላንሳው። ቤት ውስጥ በጣም የከፋው ሰው ሲኖር፣ ሐዘን የሰበረው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ ያን ጊዜ ጠመንጃው ከቤት ይውጣ። ለፖሊስ በአደራ ይሰጥ። ያ ሰው አንተ ራስህ ብትሆንም። አባትህን ካጣህ 4 ወርህ ነው፤ ራስህን ጠይቅ። መጠጥ ባለበት ቀን ደግሞ ሳጥኑ አይከፈትም። ለሠርግና ለአዲስ ዓመት ወደ ሰማይ የሚተኩሱትንም አትከተል። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ተመልሶ የሆነ ሰው ግቢ ይወርዳል።

አሁን ወደ ሜዳው እንውጣ። የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ከጠመንጃ በፊት የተማርኩት ወንጭፍ ነው። ማሽላው ሲያፈራ ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። እኛ ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ እናባርራለን። አንድ ቀን አባቴ ከሥር ቆመው «ያሁኗ ድንጋይ የት አረፈች?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ሂጂና አምጫት» አሉኝ። ነጭ ድንጋይ ስለነበረች ፈልጌ አገኘኋት። ማሽላውን አልፋ፣ አጥሩን አልፋ፣ የጎረቤት ጥጃ ከታሰረችበት ችካል አንድ እርምጃ ላይ። ይዣት ስመለስ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያ በኋላ ማረፊያውን ያላየሁትን ድንጋይ ለቅቄ አላውቅም።

ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ኢላማውን መምታት ትለምደዋለህ። ዋናው ጥያቄ ያልመታው የት ይሄዳል የሚለው ነው። የወፍ ጥይት ውስጡ ብዙ ትናንሽ ፍሬዎች ነው፤ ፍሬዎቹ ጉልበት የሚኖራቸው እስከ 35 እና 40 ሜትር ድረስ ነው። ግን እዚያ አይወድቁም፤ 200 እና 300 ሜትር ይበራሉ። አንድ ወጥ እርሳስ ያለው ጥይት ከሆነ ከዚያም እጅግ ይርቃል። የክላሽ ጥይት ደግሞ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ኢተያ ሜዳ ነው። የስንዴው ማሳ ለዓይን ያምራል፣ ለተኩስ ግን መጥፎ ቦታ ነው። ሰው የሌለበት የሚመስል ሜዳ ላይ ሁሌ እረኛ አለ። ቁጭ ብሎ ከሆነ ደግሞ አታየውም።

ስለዚህ ከኢላማው ጀርባ የአፈር ግድግዳ ያስፈልግሃል። እኔ የምተኩሰው ቀይ አሸዋ ወጥቶ ባለቀበት አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሦስት ጎኑ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጥ ልል አፈር ነው፤ ጥይቱን ይውጠዋል። ቋጥኝ ላይ አትተኩስ፣ ውሃ ላይም አትተኩስ፤ ሁለቱም ያነጥራሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰቅላለሁ፣ አንድ ሰው ከላይ አቆማለሁ። እሱ «ቁም» ካለ ቆመ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ ከ100 በላይ የነፋስ ማመንጫ የተተከለበት አገር ነው። ረፋዱ ላይ ካርቶንህን ይዞት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የማደርገው ለቀበሌው በጽሑፍ አመልክቼ፣ ፖሊስም አውቆት ነው። ለጎረቤቶችም ሁሌ ከዋዜማው እናገራለሁ። ይህን የተማርኩት በስህተት ነው። በገጠር ተኩስ መልእክት ነው። ለቀብር ይተኮሳል፣ ለሠርግ ይተኮሳል፣ ጅብ በረት ሲገባ ይተኮሳል፣ ሌባ ሲመጣ ይተኮሳል። አንድ ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር ሁለት ጥይት ተኮስኩ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለከለኩ መጡ። «ማን ሞተ?» አሉኝ። በባዶ እግራቸው ነበር የሮጡት። እዚያው ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በአሁኑ ጊዜማ ሰው በተኩስ ድምፅ የበለጠ ይደነግጣል። አገሩ ካልተረጋጋ፣ ወይም የአካባቢው ሰው «ዛሬ ይቅር» ካለ፣ ይቅር።

ከመጀመሪያው ጥይት በፊት ጠመንጃውን የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። ለዓመታት የተቀመጠ ከሆነ አፈሙዙ ውስጥ ተርብ ጭቃ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ በብርሃን አጮልቀህ እይ። የተዘጋ አፈሙዝ ሲተኮስ ይፈነዳል። የአባትህን አሮጌ ጥይቶች አትጠቀም፤ ያበጡ፣ የዛጉ ይኖራሉ። እነሱንም ለፖሊስ አስረክብ። የጥይት ቁጥር አትቀላቅል፤ ቁጥሩ የውፍረቱ ነው፣ 20 ቁጥር ከ12 ቁጥር ይቀጥናል። 20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር አፈሙዝ ውስጥ ሾልኮ ይገባና መሃል ላይ ይቀረቀራል፤ ከኋላው 12 ቁጥር ከጨመርክበት አለቀ። ምላጩን ስበህ ዝም ካለ ቶሎ አትክፈተው፤ አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳዞርክ እስከ 30 ቁጠር። ድምፁ «ፑፍ» ብሎ ከደከመ ደግሞ አቁምና አፈሙዙን እይ።

ጆሮህን ሸፍን። አባቴ በቀኝ ትከሻቸው ነበር የሚደግኑት፤ የግራ ጆሯቸው ወደ አፈሙዙ የሚቀርበው ነው። በእርጅናቸው ቅዳሴ ላይ በስተቀኛቸው ካልቆምክ አይሰሙህም ነበር።

መልመድ ስትጀምር ከወፍ አትጀምር። ያለ አደን ፈቃድ ጅግራም ቆቅም መምታት ክልክል ነው፤ ፓርክ ውስጥማ አይታሰብም። የአደን ፍላጎት ካለህ ለብቻው የዱር እንስሳት ባለሥልጣንን ጠይቅ። የፍሪጅ ካርቶን በቂ ነው። 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሥራበት፤ 35 ሜትር ላይ አቁመህ አንድ ጥይት ተኩስ። ከዚያ ሄደህ ቀዳዳዎቹን ቁጠር። ፍሬዎቹ ወደ ግራ ያዘነብላሉ? መሃሉ ሳስቷል? ጠመንጃህን የምታውቀው እንደዚህ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ካርቶን ከአባቴ ጋር ቆጥረን እስክንጨርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

አንድ የአባቴን ዘዴ ልስጥህ። የተተኮሰ ቀለህ ወስደው ከሥሩ፣ መርፌዋ በምትመታው ቦታ፣ ቁራጭ ጎማ ያስገቡ ነበር። ከደህናው ጥይት ጋር ቀላቅለው፣ እኔ ሳላይ፣ እሳቸው ያጎርሱልኛል። ደግኜ እስባለሁ። ጠመንጃው ዝም ይላል፤ ትከሻዬ ግን ወደፊት ይዘላል፣ ዓይኔ ይጨፈናል። የምስተው ለዚህ እንደነበር ያኔ አየሁት። «ድምፁን አትጠብቂው፣ ትንፋሽሽን ጠብቂ» ይሉኝ ነበር። አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ትከሻዬ ዝም ያለበት ጠዋት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ጉድጓዱ ውስጥ ጥላ ነበር፤ እሳቸው ቀለሁን አውጥተው እያዩ «አሁን ተኮስሽ» አሉኝ። ጎማ የገባበት ቀለህ ነበር።

ልጆችህን ለጊዜው አትውሰዳቸው። ግን አትደብቅባቸውም። አንድ ቀን ከእናታቸው ጋር አስቀምጠህ ክፈተው፣ ባዶ መሆኑን አሳያቸው፣ ይዩት። ከዚያ ወዲያ የትም ቦታ ጠመንጃ ቢያዩ እንዳይነኩ፣ ከዚያ እንዲርቁ፣ ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ አስተምራቸው። ጓደኛቸው ቤትም ቢሆን።

ስትጨርስ ቀለሁን ሁሉ ልቀም፤ እረኞቹ ይጫወቱበታል። ምግብ ከመንካትህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ሳጥኑን ልታሠራ ብየዳ ቤት ከመሄድህ በፊት ደግሞ፣ ፈቃዱን ካገኘህ በኋላ፣ የጠመንጃውን ርዝመት ካለበት ለካው። 10 ሳንቲ ሜትር ጨምርበት፤ ሰደፉ ሥር ጨርቅ ይነጠፋል።